ሐምዲያና የሄዘል ፋርም ጥቀርሻ

ሐምዲያ ሱልጣን ሰው ቤት በእንግድነት ስትሄድ ከመቀመጧ በፊት ግድግዳ ታንኳኳለች። አስባበት አይደለም፤ እጇ ነው የሚቀድማት። ሰላምታ ተለዋውጣ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ወደ ሶፋው ስታልፍ በመሀል ጣቷ ቋ ቋ ታደርግና «ይሄ በኋላ የተከፈለ ነው፤ ድሮ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር» ትላለች። ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ያሉ ጓደኞቿ ለምደውላታል። ቤት ሊገዛ የተነሳ ሰው ሲኖር «ሐምዲያ ሳታንኳኳው እንዳትፈርሙ» ይባላል። ቀልድ ነው፤ ግን ሁለት ሦስት ሰው በዚህ ቀልድ ከመጥፎ ቤት ተርፏል።

ሥራዋ የቤት ፕላን መሣል ነው። ማውንት ቤከር ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የቢሮው ባለቤት ብራያን የሚባል ረጅም፣ ቁጥብ አርክቴክት ነው። ስምና ማኅተም የሚያሳርፈው እሱ ነው፤ መስመሩን የምታሰምረው እሷ። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲሠሩ አንድም ቀን ተኮራርፈው አያውቁም፤ አንደኛው ምክንያት ብራያን ለመኮራረፍ የሚበቃ ወሬ ስለማያወራ ነው።

ሐምዲያ የተወለደችው ወራቤ አካባቢ ባለች የስልጤ መንደር ነው። በሃያ አራት ዓመቷ ባሏን ሁዛይፋን ተከትላ ሲያትል መጣች። እሱ አውቶቡስ መንዳት ጀመረ። እሷ መጀመሪያ ሰው ቤት አጸዳች፣ ቀጥሎ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ጋራዥ መኪና ፓርክ ለሚያደርጉ ሰዎች ቲኬት ሰጠች። የቲኬቱ ክፍል ውስጥ ሰው በማይኖርበት ሰዓት በደረሰኝ ጀርባ ላይ የጋራዡን ምሰሶዎች ትሥል ነበር። አለቃዋ አንድ ቀን አይቶ «ይሄን የሚያስተምሩበት ኮሌጅ አለ እኮ» አላት። ሄደች፤ ተማረች፤ ሁለተኛ ልጇን እርጉዝ ሆና ተመረቀች። ያቺ ልጅ ዘሀራ ዛሬ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ሰው ቤት ግድግዳ ስታንኳኳ በኀፍረት ስልኳ ውስጥ የምትደበቀው እሷ ናት።

የእንግሊዙ ቤት ጉዳይ የመጣው ባለፈው ዓመት፣ መስከረም ላይ ነው። ሲያትል አጠገብ ባለችው ሬድመንድ በሶፍትዌር ሥራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ኮሊንስ የሚባል ሰው እንግሊዝ አገር፣ በስተምዕራብ ባለ ገጠር፣ የቆየ የገበሬ ቤት ገዛ። ቤቱ ሄዘል ፋርም ይባላል። በዘመኑ የአንድ ትልቅ ባለርስት ይዞታ ነበር፤ ገበሬዎች መሬቱን እያረሱ፣ ለባለርስቱ እየከፈሉ፣ ልጅ ከአባት እየተቀባበለ ኖሩበት። ርስቱ ተሸንሽኖ ሲሸጥ ቤቱ ለኮሊንስ ደረሰ። ሰውየው ከእንግሊዝ ባለሙያዎች ጋር ከመነጋገሩ በፊት የሚፈልገውን በሥዕል ማየት ስለፈለገ፣ ከዚህ ቀደም የቤቱን ጋራዥ የሣለለትን ብራያንን ኮል አደረገ።

ቤቱ በሌዘር ተለክቶ ነበር። ሐምዲያ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ሄዘል ፋርም ከነአቧራው ተንሳፍፎ ጠበቃት፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ነጥቦች የተሠራ ቤት፣ እንደ ልቧ የምታዞረው፣ ግድግዳውን አልፋ የምትገባበት። ከሱም ጋር ርስቱ ያስቀመጠው የወረቀት ክምር ቅጂ መጣ። ወረቀቱ ቤቱ በ1793 በአዲስ ጡብ፣ ከነጭስ ማውጫው ተሠራ ይላል። ሌላ ደብዳቤም አለ፤ የርስቱ አስተዳዳሪ በ1841 የጻፈው። ኤለን የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት የቤት ሠራተኛ በቸልተኝነት እሳት አስነስታ የቤቱ ጣሪያ እንጨት ከጫፍ ጫፍ ከሰለ፣ ልጅቷም በዚያው ቀን ያለ ምስክር ወረቀት ተባረረች ይላል። ያለ ምስክር ወረቀት የተባረረች ሠራተኛ በዚያ ዘመን ሌላ ቤት አትቀጠርም።

ኮሊንስ ደብዳቤውን አንብቦ ውሳኔውን ወስኗል። የተቃጠለውን ጣሪያ አንስቶ ጥሎ ከላይ መስታወት ያደርጋል፤ ከሥሩ ሁለት መኝታ ቤት ይሠራል።

«ተኝቶ ኮከብ ማየት ይፈልጋል» አላት ብራያን።

«እዚያ አገር ኮከብ አለ እንዴ? ዝናብ ነው ሲሉ ነው የምሰማው» አለች ሐምዲያ።

ብራያን ትከሻውን ነቀነቀ። ሥራው ተጀመረ።

መጀመሪያ ያሉትን ግድግዳዎች መሣል ነበረባት፤ ችግሩም ከዚያ ጀመረ። የቤቱ ፊት የተዋበ ነው። ቀይ ጡብ፣ መሀል ላይ በር፣ ግራና ቀኝ እኩል መስኮቶች፤ አንድ መሐንዲስ በአንድ ቀን ቁጭ ብሎ የሣለው ይመስላል። ከኋላው ያለው ግን ከፊቱ ጋር አይተዋወቅም። ወለሎቹ ከመስኮቶቹ ጋር አይገጥሙም። አንደኛው መስኮት ጭራሽ መስኮት አልነበረም፤ ከውጭ ክፈፍና መስታወት ይታያል፣ ከጀርባው ግን ድፍን ግድግዳ ነው፣ ለመልክ ብቻ የተሠራ። የፊቱ ግድግዳ ውፍረት ደግሞ ከሌሎቹ እጥፍ ነው። ሐምዲያ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ለካች። ስህተት የለም።

ቤት ስትገባ ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ለዘሀራ አሳየቻት።

«ይሄ ግድግዳ ለምንድነው እንደዚህ የወፈረው በይኝ እስኪ።»

«ማም፣ አይ ዶንት ኖው። ሜይቢ ቀዝቃዛ አገር ስለሆነ?»

«ቀዝቃዛ ቢሆን አራቱም ይወፍር ነበር። አንዱ ብቻ ለምን?»

ዘሀራ ስልኳን አስቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪኑን በደንብ አየችው። «ሁለት ግድግዳ ነው? ላይክ፣ አንዱ በአንዱ ላይ?»

ሐምዲያ ልጇን ግንባሯ ላይ ሳመቻት። ዘሀራ «ማም» ብላ ፊቷን ብትጠርግም ደስ ብሏት እንደነበር ያስታውቅባታል። እውነትም ሁለት ግድግዳ ነው። ጡቡ እንደ ካፖርት ነው የተደረበው። በማግስቱ ሐምዲያ አንድ የኋላ ክፍል ውስጥ ልስን የወደቀበት ቦታ አገኘችና ፎቶውን እያሰፋች ገባችበት። ውስጡ የታየው ጡብም ድንጋይም አይደለም። በቀጭን እንጨት የተማገረ፣ ጭድ በተቦካበት ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ነው። ከወንበሯ ተነስታ ቆመች። ጭቃ ቤት። እሷ ያደገችበትን ዓይነት ጭቃ፣ እንግሊዞች ቀይ ጡብ አልብሰው የመኳንንት ቤት አስመስለውታል። ብቻዋን ስትስቅ ብራያን ከወዲያ ማዶ ቀና ብሎ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ ወደ ቆጡ ወጣች፤ በኮምፒውተር ማለት ነው። ጣሪያው ሥር ያሉት እንጨቶች በሙሉ ጥቁር ናቸው። ወፍራም ወራጆች፣ አግዳሚዎች፣ ሁሉም እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ደብዳቤው ልክ ነበር ማለት ነው። ሐምዲያ ወራጆቹን አንድ በአንድ መሣል ጀመረች።

በሥራው መሀል ግን ያቺ ኤለን ከሐሳቧ አልወጣ አለች። ሐምዲያ ሲያትል በመጣች በመጀመሪያው ዓመት ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ትልቅ ቤት ታጸዳ ነበር። አንድ ሰኞ የቤቱ እመቤት የተሰነጠቀ የመስታወት መብራት ይዛ ጠበቀቻት። ሐምዲያ መብራቱን ነክታው አታውቅም። ይህን የምትናገርበት እንግሊዝኛ ግን ገና አልነበራትም፤ «ኖ፣ ኖ» ብቻ አለች፣ «ኖ» ደግሞ ያን ቀን የሚበቃ ቃል አልነበረም። ነገ እንዳትመጣ ተነገራት። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል፣ ተርታ ነገር ነው፣ ለሁዛይፋ እንኳ አንዴ ነግራው በዚያው ተረስቷል። አሁን ግን ጥቁር ወራጅ በሣለች ቁጥር «እውነት ያቺ ልጅ ናት ይሄን ሁሉ ያቃጠለችው?» እያለች ራሷን ትጠይቅ ጀመር።

ስትጠይቅ ደግሞ ነገሩ አላምር አላት። እሳት አንድ ቦታ ይነሳል፤ አንዱን ክፉኛ ይበላል፣ ሌላውን ይለበልባል፣ ራቅ ያለውን ይተወዋል። እዚህ ግን ጥቁረቱ ከዳር እስከ ዳር ነው። እንጨቶቹም ደህና ናቸው፤ የጎደለ የለም። ይሄን የሚያውቅ አንድ ሰው ትዝ አላት።

ሐጂ ሙሀሲን ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሲያትል ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን በየቀኑ ጠዋት ሬኒየር ቢች ኮሚኒቲ ሴንተር ይመጣሉ፤ ለስፖርት ነው ይላሉ፣ ግን ሁለት ዙር ሄደው ከጓደኞቻቸው ጋር መቀመጥ ነው የሚወዱት። በወጣትነታቸው ስልጤ ውስጥ ስማቸው የታወቀ ሳር ቤት ሠሪ ነበሩ። ምሰሶ ሲያቆሙ ከሌላ ወረዳ ሰው ለማየት ይመጣ ነበር ይባላል፤ ይህን የሚሉት በብዛት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ሐምዲያ ላፕቶፗን ይዛ ጠዋት መጣች።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ። እንዴት አደሩ?»

«ወአለይኩም ሰላም። አልሐምዱሊላህ። ምነው፣ ዛሬ ሥራ የለም?»

«አለ። አንቱን ብዬ ነው የመጣሁት። አንድ ጣሪያ ላሳይዎት።»

መነጽራቸውን አወጡ። ሐምዲያ ታሪኩን ሳትነግራቸው ፎቶውን ከፈተችላቸው። አጠገባቸው የተቀመጡት አቶ ወልደጻድቅ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ እሳቸውም አንገታቸውን አሰገጉ።

«ተቃጥሎ ነው?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«ኧረ ምን ተቃጥሎ» አሉ ሐጂ ሙሀሲን፣ ስክሪኑን በጣታቸው እየነኩ። «እሳት የነካው እንጨት ይሰነጣጠቃል፤ ይላላጣል፤ ይቀጥናል። ይሄ መች ቀጠነ? ጠርዙን እዩት፣ መጥረቢያ የጠረበው እንደሆነ አሁንም ያስታውቃል። ይሄ ጥቀርሻ ነው። ስንት ዘመን እሳት ሲነድበት የኖረ ቤት ነው። ሳሩንና እንጨቱን ከነቀዝ የሚጠብቀው ይሄው ጥቀርሻ አይደል እንዴ። የማን ቤት ነው? ከሀገር ነው?»

«የእንግሊዝ ነው።»

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «የእንግሊዝ?»

«የእንግሊዝ። ግን ጭስ ማውጫ አለው፣ ሐጂ። ይኸውልዎት፣ በዚህ በኩል በጡብ ተሠርቶ ጣሪያውን ይበሳል።»

«ጭስ ማውጫ ካለው ጭሱ እዚህ ምን ያደርጋል?»

ሐምዲያ ስክሪኑን ደግማ አየች። ጭስ ማውጫው መጀመሪያ ካልነበረስ? እሳቱ ልክ እንደ ስልጤ ቤት መሀል ወለሉ ላይ የሚነድ፣ ጭሱ ሽቅብ ወጥቶ በሳሩ መሀል የሚተን ቤት ከነበረስ? ኮርኒስ የለ፣ ቆጥ የለ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ክፍት። ከዚያ በኋላ ሰው መጥቶ ጭስ ማውጫ አስገባ፣ ወለል ደረበ፣ ጡብ አለበሰ።

«እነማን ነበሩ የሚኖሩበት?» አሉ ሐጂ።

«ባለቤቱ ባለርስት ነው። ነዋሪዎቹ መሬቱን እያረሱ የሚገብሩለት ናቸው።»

«ጭሰኛ ናቸዋ።»

«አዎ፣ ጭሰኛ።»

«ታዲያ ከጭሰኛ ቤት ጭስ ተገኘ ብለው ነው ላፕቶፕ አስይዘው የላኩሽ?» አሉና ሐጂ ሙሀሲን ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። አቶ ወልደጻድቅም ተከተሏቸው፤ ሐምዲያም።

ቢሮ ስትደርስ ብራያንን አስቀመጠችውና ነገረችው። እሱ ሰው እስኪጨርስ የማዳመጥ ልማድ አለው። ስትጨርስ ግን እንዲህ አላት፦

«ሐምዲያ፣ እኛ የተቀጠርነው መስታወት ያለው ጣሪያ ለመሣል ነው። የቤት ታሪክ አጥኚዎች አይደለንም።»

«አይደለንም። ግን ሰውየው የሚጥለው የተቃጠለ እንጨት መስሎት ነው። ካልተቃጠለስ? ጥለነው በኋላ ብናውቅስ?»

«ማረጋገጫ አለሽ?»

«የለኝም። ግን የት እንዳለ አውቃለሁ።»

የነደፈችው ነገር ቀላል ነው። ወረቀቱ ጭስ ማውጫው በ1793 ተሠራ ይላል፣ እሳቱ ደግሞ በ1841። እሳቱ እውነት ቆጡን ከጫፍ ጫፍ አጥቁሮት ከሆነ፣ መሀል የቆመውን የጭስ ማውጫ ጡብም አብሮ ማጥቆር አለበት። ከጭስ ማውጫው ጀርባ፣ ጡቡ የተለጠፈበት ወራጅ ደግሞ ስለተሸፈነ ከጥቁረቱ መትረፍ ነበረበት። ነገሩ የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማለትም ጡቡ ንጹሕ ሆኖ ከጀርባው ያለው እንጨት ጥቁር ከሆነ፣ ጥቁረቱ ከጭስ ማውጫው ይቀድማል። ከኤለንም ይቀድማል። ሌዘሩ ያንን ጥግ አላየውም፤ ሰው ራሱ ሄዶ ማየት አለበት።

ብራያን ጠረጴዛውን በእርሳሱ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ስልኩን አነሳና ለኮሊንስ ደወለ።

የቤቱን ቁልፍ የምትይዘው ጄኒ የምትባል የጎረቤት ገበሬ ናት፤ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ፊቷ ነፋስ የመታው፣ ሲያወሯት ድምፅዋ የሚያስተጋባ ሴት። በተቀጠረው ቀን ሲያትል ጠዋት፣ እዚያ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ሁሉም በቪዲዮ ተገናኙ፦ ሐምዲያና ብራያን ከቢሮ፣ ኮሊንስ ከሬድመንድ፣ ጄኒ ከመሰላል ላይ።

ኮሊንስ ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ደስ አላለውም። «በአክብሮት ነው የምናገረው» አለ። «ደብዳቤውን የጻፈው በቦታው የነበረ ሰው ነው። እኛ ከአንድ መቶ ሰማንያ ዓመት በኋላ፣ ከሲያትል ሆነን፣ ከሱ የበለጠ እናውቃለን ነው የምንለው?»

«በቦታው ነበር» አለች ሐምዲያ። «ግን እሳት ተነሳ ከመባሉ በፊት ቆጡ ላይ ወጥቶ ያውቅ ነበር? ባለርስት የላከው ሰው የገበሬ ቤት ቆጥ ላይ ምን ይሠራል? ያን ቀን ወጣ፣ ጥቁር አየ፣ ልጅቷን አባረረ። እኔም የመጣልኝ ይሄ ነው። ተሳስቼ ከሆነ አሁን እናያለን።»

«እንይ» አለ ኮሊንስ።

ጄኒ ወጣች። ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ የሞተ ወፍ ታየ። «ይቅርታ፣ እሱን እንዳላያችሁ ሁኑ» አለች ጄኒ። ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሶ ሲመጣ የሷ አፍንጫ ብቻ ስክሪኑን ሞልቶት ነበር።

«ጄኒ፣ ጭስ ማውጫውን በቀኝሽ አድርጊና ወደ ጀርባው ዙሪ» አለች ሐምዲያ። «ወለሉን ተጠንቀቂ፤ ሦስተኛው ሳንቃ የላላ ነው።»

«መጥተሽ ታውቂያለሽ እንዴ እዚህ?»

«ወር ሙሉ እዚያ ነው የዋልኩት።»

ጄኒ እየሳቀች ዞረች። መጀመሪያ ጡቡን በእርጥብ ጨርቅ እንድትጠርገው አደረገቻት። ጨርቁ ላይ አቧራ ወጣ፤ ግራጫ አቧራ። ሥሩ ያለው ጡብ ቀይ ነው፤ ጥቀርሻ የሚባል የለውም። ከዚያ በጡቡና በወራጁ መሀል ያለውን፣ እጅ እንኳ በጎን ብቻ የሚገባበትን ክፍተት በባትሪ እንድታበራ ጠየቀቻት። ጄኒ ጉንጯን ጡቡ ላይ ለጥፋ ስልኩን ወደ ውስጥ አስገባች። ምስሉ ለአፍታ ደበዘዘና ጠራ።

ወራጁ ጥቁር ነው። ጡቡ በተደገፈበት፣ ምንም እሳት ሊደርስበት በማይችልበት በኩል፣ እንደ ቀለም የተቀባ ያህል ጥቁር ነው።

«ሁሉም ጥቁር ነው» አለች ጄኒ ከጥጉ ውስጥ። «እስከ ታች ድረስ። ሶ፣ ይሄ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

ብራያን ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ሐምዲያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። በመጨረሻ የተናገረው ኮሊንስ ነው።

«ሶ፣ አላቃጠለችውም» አለ በቀስታ።

«ያን ቀን አንድ ነገር ጨሶ ይሆናል» አለች ሐምዲያ። «መጋረጃ ይሁን፣ ምን ይሁን አላውቅም። ይሄን ጣሪያ ግን እሷ አላጠቆረችውም። እሷ ስትወለድ ጥቁር ነበር።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከሐምዲያ እጅ ወጥቶ ወደሚመለከታቸው ሰዎች ሄደ። ኮሊንስ ለሁለት ሳምንት ያህል ድምፁን አጠፋ፤ የመስታወት ጣሪያውን መሰናበት ቀላል አልነበረም። ቀጥሎ እንግሊዝ ካለ የድሮ ቤት አጥኚ ጋር ተነጋግሮ ሰውየው ሄዘል ፋርም ሄደ። ወራጆቹን በቀጭን መሰርሰሪያ ናሙና ወስዶ የእንጨቱን የዕድሜ ቀለበቶች አስቆጠረ። ውጤቱ በጥር ወር መጣ። እንጨቱ የተቆረጠው በ1470ዎቹ ነው። ከጡቡ ፊት ሦስት መቶ ዓመት ይበልጣል። ጭስ ማውጫውም ቢሆን ወረቀቱ እንደሚለው አልነበረም፤ በ1600 አካባቢ የገባ ነው። የርስቱ ሰዎች በ1793 ያደረጉት ነገር ቢኖር የቆየውን ጭቃ ቤት ጡብ አልብሰው «አዲስ ቤት ሠራን» ብለው መጻፍ ነው። አጥኚው ደብዳቤው ላይ እንዲህ ያለ ጥቀርሻ የለበሰ ጣሪያ በአገሩ እንዳለ፣ ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ እንደሄደ፣ ባለሙያ ሳያየው ቢነሳ ኖሮ ትልቅ ጉዳት ይሆን እንደነበር ጻፈ። መጨረሻው ላይ «መጀመሪያ የጠረጠረውን ሰው ላመሰግን እፈልጋለሁ» አለ።

ብራያን ደብዳቤውን አተመና ሐምዲያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። በዚያ ሳምንት የተላኩት ሥዕሎች ጥግ ላይ ከሱ ስም ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ «ሐምዲያ ሱልጣን» የሚል ተጽፎ ነበር። ሁዛይፋ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ አውቶቡስ ማደሪያ ላለ ሰው ሁሉ አሳየ።

ኮሊንስ ጣሪያውን ተወው። መኝታ ቤቶቹ ወደ ታች ወረዱ፤ ቆጡ እንዳለ ቀረ። የኤለንን ነገር በተመለከተ ሐምዲያ አንድ ጥያቄ ነበራት፤ ለቤቱ በሚዘጋጀው አዲስ የታሪክ ጽሑፍ ውስጥ የአስተዳዳሪው ደብዳቤ የሚገባ ከሆነ ከሥሩ ማረሚያ ይግባበት አለች። ኮሊንስ ተስማማ። ጄኒ ደግሞ በራሷ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ስታገላብጥ ኤለንን አገኘቻት፤ ከተባረረች ከስድስት ዓመት በኋላ በአጎራባች መንደር ለአንድ ጫማ ሠሪ ተድራ፣ ሰባት ልጅ ወልዳ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት ኖራለች። ሐምዲያ ይህን በኢሜይል ስታነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዋን «አልሐምዱሊላህ» አለች።

የመጨረሻው ሥራ ቤቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መሣል ነበር፤ አራት ሥዕል። ኋላኞቹ ሦስቱ አላስቸገሩም። የመጀመሪያው ግን፣ ጭስ ማውጫ ሳይገባ፣ ወለል ሳይደረብ፣ ጡብ ሳይለበስ የነበረው ቤት፣ ግምት ይፈልጋል። ጥቀርሻው በጣም የወፈረበትን ቦታ ተከትላ ምድጃውን ወለሉ መሀል አስቀመጠች። በሩን በጎን አደረገች። በስተቀኝ የተረፈውን ሰፊ ቦታ ግን ምን እንደምታደርገው ግራ ገባት። ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት አትማ ኮሚኒቲ ሴንተር ወሰደችው።

ሐጂ ሙሀሲን ብዙም አላሰቡበትም። «ይሄማ የከብቶቹ ነው።»

«ቤት ውስጥ? እንግሊዝ?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«ብርድ አይደል አገሩ? ከብቱ ቤቱን ያሞቃል። እኛ ጋ ከብት የት ነበር የሚያድረው?»

«እሱስ ልክ ነው። ግን ከሆነ ወለሉ ወደዚያ ማዘንበል አለበት። ካለበለዚያ ሽንቱ ወደ ምድጃው ይመጣል። አንድ ሜትር ላይ ቢያንስ ሦስት ሳንቲም።»

ሐምዲያ በስልኳ ለጄኒ ጻፈችላት። መልሱ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዝንባሌው ተከራክረው ሳይጨርሱ መጣ። በስተቀኝ ያለው ወለል ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ የሳሎኑ ጠረጴዛ እዚያ አልረጋ እያለ ጄኒ ከእግሩ ሥር ሳንቃ ማስገባት ነበረባት፤ ምክንያቱን ግን ጠይቃ አታውቅም። ሐምዲያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው።

«ስንት ሳንቲም ነው?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«አልለካችውም።»

«ለክተሽ ንገሪን በያት። ያለ ቁጥር አልቀበልም።»

ሐጂ ሙሀሲን ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡትና ከሐምዲያ እጅ እርሳስ ተቀብለው ከበሩ አጠገብ ሦስት ላም ሣሉ። አንደኛዋ ቀንድ አልነበራትም። እሷ ጥጃ ናት አሉ።